መብራት የሄደ ሲመስል፦ የወፍጮ ሞተር ችግርና መፍትሄ

ክረምት ነበር። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ ካለች አንዲት ትንሽ ከተማ ወፍጮ ቆሟል ተብዬ ተጠራሁ። ጎጃም በክረምት መብረቁ ሲያጓራ መብራት መሄዱ ብርቅ አይደለም። ስደርስ የወፍጮ ቤቱ አምፖል ጠፍቷል፣ ሞተሩ ቆሟል፣ እህል ያመጡ ሴቶች ስልቻቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ባለወፍጮው ሽማግሌ፣ «መብራት ሄዷል አንተ ልጅ፣ እስኪመጣ ክፈትና እየው» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» ብዬ ካቻቢቴዬን አወጣሁና የኮንታክተሩን፣ ማለትም ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋውን ባለ ማግኔት ማብሪያ፣ ሳጥን ከፈትሁ። ካቻቢቴው ሁለቱን ጫፍ አንድ ላይ እንደነካ ጧ አለ! ለጥቂት ጊዜ ዓይኔ ምንም አላየም። የካቻቢቴው ጫፍ ቀልጧል። ጣቴ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

መብራት አልሄደም ነበር። ከሦስቱ ፌዝ፣ ማለትም መብራት ከሚያመጡት ሦስት ሽቦዎች፣ የጠፋው አንዱ ብቻ ነው፣ የቤቱ አምፖል ደግሞ የተሳበው ከዚያው ከጠፋው ነው። የቀሩት ሁለቱ በመካከላቸው 380 ቮልት ይዘው እዚያው ሳጥን ውስጥ ይጠብቁኝ ነበር። አምፖል አይቶ «መብራት የለም» ማለት በስሪ ፌዝ ቤት አይሠራም።

ከዚያ ወዲህ ሳጥን ከመክፈቴ በፊት ዋናውን ብሬከር አወርዳለሁ። የብሬከሩን ሳጥን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ አስገባለሁ። ለባለቤቱም አልሰጥም። ወረፋ የጠበቀ ሰው ትዕግሥት የለውም፣ «መጣ እኮ!» ብሎ ብሬከር የሚያነሳ አይጠፋም። ጄኔሬተር ካለ እሱም ይቆለፋል። ቀጥሎ ሜትሬን መብራት እንዳለው በማውቀው ቦታ እሞክረዋለሁ፣ የምሠራበትን እለካለሁ፣ ከዚያ ተመልሼ የመጀመሪያው ቦታ ላይ እንደገና እሞክረዋለሁ። መሃል ላይ ባትሪው ቢሞትስ? ገመዱ ቢበጠስስ? የሞተ ሜትርም ዜሮ ነው የሚያነብ። የምሠራበትን ስለካ ስድስት ጊዜ ነው፦ ፌዝ ከፌዝ ሦስት፣ ፌዝ ከመሬት ሽቦ ሦስት። ደግሞ ብሬከሩ ቢወርድም ከቆጣሪ የሚመጣው ሽቦ የገባበት ጫፍ እንደበራ ነው፣ እሱን የሚያጠፋው መስመሩን ከላይ የሚያቋርጥ ብቻ ነው።

ስለ ሜትር አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ካት 3 የሚል የደኅንነት ደረጃ (CAT III) ያልተጻፈበትን ሜትር ለስሪ ፌዝ አትጠቀም። የብዙዎቹ መመሪያ ደግሞ እስከ 2000 ሜትር ከፍታ ይላል። ደብረ ማርቆስ ከ2400 በላይ ናት፣ እንጅባራም ከዚያ አታንስም። አየሩ ሲሳሳ ብልጭታ ለመዝለል ይቀለዋል። ስለዚህ እኔ ባለ 1000 ቮልቱን ነው የያዝሁት። ውድ ነው፣ አውቃለሁ።

ሞተሩ «እምም» ይላል፣ አይዞርም

አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፌዝ ጠፍቷል። ፊዩዝ ተቃጥሏል፣ የኮንታክተር ጫፍ ተበልቷል ወይም ከምሰሶው ሽቦ ላልቷል። ቶሎ አጥፋው፣ በዚህ ሁኔታ ደቂቃ ከቆየ ጥቅልሉ፣ ማለትም ሞተሩ ውስጥ የተጠመጠመው ሽቦ፣ ይቃጠላል። ቺንጋውን በእጅህ ስበህ ልታስነሳው አትሞክር። አንዳንዴ እውነትም ይነሳል፣ ያን ጊዜ እጅህን ይዞ ይነሳል።

የትኛው ፌዝ እንደጠፋ ስትፈልግ አምፖል ባላት ካቻቢቴ፣ ማለትም ቴስተር በምንላት፣ አትመን። ሞተሩ ከመስመሩ ጋር እንደተያያዘ ከሆነ የሁለቱ ፌዝ ቮልት በጥቅልሉ በኩል ዞሮ የጠፋው ጫፍ ላይ ይመጣል። ቴስተሯ ሦስቱም ላይ ትበራለች፣ አንተም «ፌዝ ሙሉ ነው፣ ሞተሩ ነው የተቃጠለ» ብለህ ደህናውን ሞተር ወደ ጠምጣሚ ትልካለህ። እኔም ልኬ አውቃለሁ። የሚሻለው ሞተሩን ከመስመሩ ለይተህ በሜትር ፌዝ ከፌዝ መለካት ነው። ሦስቱም 380 አካባቢ ማሳየት አለባቸው። ፊዩዙን ደግሞ አጥፍተህ፣ አውጥተህ በኦም ለካ።

ሲነኩት ይነዝራል

ሠራተኛውን ጠይቀው፣ «ኧረ እኔን ነዝሮኝ አያውቅም» ይልሃል። እግሩን እየው፣ ኮንጎ ጫማ ነው ያደረገ። ፕላስቲኩ ከመሬት ለይቶታል። ሴቶቹን ጠይቃቸው፣ በተለይ በባዶ እግሯ እርጥብ መሬት ላይ ቆማ ዱቄት የምትቀበለዋን። እሷ የነገረችህን እመን።

ምክንያቱ ሽቦው ከሞተሩ አካል ጋር መነካካቱ ወይም ጥቅልሉ እርጥበት መሳቡ ነው። ዋናው በደል ግን የመሬት ሽቦ አለመኖሩ ነው። ሞተሩን ለይተህ በ500 ቮልት ሜገር (የሽቦ ሽፋን መፈተሻ ሜትር) ጥቅልሉን ከአካሉ ጋር ለካ። ከ1 ሜጋ ኦም በታች ካነበበ አታስነሳው፣ ከፍተህ አድርቅ፣ ካልተሻሻለ አስጠምጥም። ስትለካ ኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር ኤሌክትሮኒክ ሳጥን) ካለው ገመዱን ንቀል፣ አለዚያ ኢንቨርተሩን ታቃጥለዋለህ።

አሁን ወደ ሚያናድደኝ ልምጣ። ብዙ ቦታ «ኧርዝ» ተብሎ ከኒውትራሉ፣ ማለትም ኮረንቲው ከሚመለስበት ሽቦ፣ ተቀጥሎ ከሞተሩ አካል ጋር ታስሮ አያለሁ። ኒውትራሉ ደህና እስከሆነ ድረስ የሠራ ይመስላል። አንድ ቀን ኒውትራሉ ከምሰሶው ላይ ሲበጠስ ግን በዚያው መስመር ያለው አምፖልና ሬዲዮ ሁሉ 220ውን ወደ ወፍጮው አካል ይመልሰዋል። ምንም ያልተበላሸ ማሽን ገዳይ ሆነ ማለት ነው። ፍታው።

መሬት ውስጥ ብረት መቅበር ብቻውን ደግሞ አይበቃም። ሒሳቡን እየው፦ የተቀበረው ብረት 20 ኦም ቢኖረው 220ን ለ20 ስታካፍል 11 አምፔር ነው። 32 አምፔር ብሬከር በ11 አምፔር ይወርዳል? ቀኑን ሙሉ አይወርድም፣ አካሉም ቮልት እንደያዘ ይውላል። ስለዚህ ከብረቱ ጋር ኮረንቲ ወደ መሬት ሲፈስ የሚያቋርጠውን ብሬከር አስገባ። ለሞተር 300 ሚሊ አምፔሩ ይሆናል፣ ለሶኬት 30 ሚሊ አምፔሩ። ባለወፍጮው ስለ ዋጋው ቢያጉረመርም እኔ የማስረዳው በ11 አምፔሩ ሒሳብ ነው፣ እስካሁን ያልገባው የለም።

ኦቨርሎዱ በየሰዓቱ ይጥላል

ኦቨርሎድ ሞተሩ ከልክ በላይ አምፔር ሲስብ የሚያቋርጠው መከላከያ ነው። አቅሙን ከፍ አድርጎ ማሰር የሁሉም የመጀመሪያ ሐሳብ ነው። ተው። መጀመሪያ ሽቦውን አቅፎ አምፔር በሚለካው ክላምፕ ሜትር ሦስቱንም ፌዝ ለካ። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከተለየ ችግሩ የመስመር ወይም የጥቅልሉ ነው። ሦስቱም እኩል ከፍ ካሉ ወይ እህሉ ረጥቧል፣ ወይ ድንጋዩ ተጠጋግቷል፣ ወይ ኩሽኔታው ሞቷል፣ ወይም ማታ ማታ ቮልቱ ወርዷል። ሞተሩ በዱቄት ተሸፍኖ መተንፈስ አቅቶትም ይሆናል። የሞተር ሳህን ላይ የተጻፈው ጉልበት እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው፣ የእኛ ሳሳ ያለ አየር ሙቀትን ጥሩ አይወስድም። ደግነቱ ብርዱ ያካክሳል።

በስታር ዴልታ (አነሳሱ እንዲቀል የጥቅልሉ አገናኝ በሁለት ደረጃ በሚቀያየርበት) የሚነሳ ከሆነ ኦቨርሎዱ የት እንደተሰካ እየው። ከዋናው ኮንታክተር ሥር በጥቅልሉ መንገድ ላይ ከሆነ የሚሞላው የሳህኑ አምፔር ሳይሆን 0.58 እጁ ነው። 30 አምፔር ከተጻፈ 17 ተኩል አካባቢ። 30 ላይ ያሰሩት ሞተር ኦቨርሎዱ ምንም ሳይል ነው የሚቃጠል።

ኮንታክተሩ ይንጫጫል

የወረደ ቮልት ወይም ዱቄትና ዝገት የያዘ ማግኔት ነው። አጥፍተህ ፍታ፣ ጥረግ። በርቶ ሳለ በእንጨት ገፍተው የሚይዙትን አይቻለሁ፣ እንጨቱ በክረምት ረጥቦ እንደሚውል የረሱ ናቸው።

ወደ ኋላ ይዞራል

መስመር ከተጠገነ በኋላ ፌዝ ተቀያይሯል። ቆልፈህ፣ ለክተህ፣ ከሦስቱ ማንኛውንም ሁለት አቀያይር። ሌላ ነገር የለውም።

ካጠፋኸውም በኋላ ይነዝራል

ይህ ካፓሲተር ነው፣ ኮረንቲ አከማችቶ የሚይዝ ዕቃ። በነጠላ ፌዝ የሚሠራ የውኃ ፓምፕ ካፓሲተሩ ውስጥ 300 ቮልት ያህል ሊያስቀር ይችላል። በካቻቢቴ ማገናኘት ብልጭታ ያመጣል፣ ካፓሲተሩንም ይጎዳል። ሽፋኑ ደህና የሆነ ሽቦ ያለው ባለ ክር አምፖል አገናኝበት፣ ከዚያ በሜትር ዜሮ መሆኑን እይ።

ኢንቨርተር ያለው ማሽን ደግሞ ይብሳል። በቡሬም በዳንግላም የዘይት መጭመቂያ ላይ እየበዛ ነው። 380 ገብቶ ውስጡ 540 ቮልት ገደማ ቀጥተኛ ይሆናል፣ ብሬከር ስታወርድም እዚያው ይቆያል። ክዳኑ ላይ ስንት ደቂቃ እንደሚጠበቅ ተጽፏል፣ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 15። መብራቶቹ ቢጠፉም ያን ያህል ጠብቄ፣ የፕላስና የማይነስ ጫፉን በዲሲ ለክቼ ነው የምነካው። ባለቤቱ «ምነው ቁጭ አልህ?» ሲለኝ ቡና ካለ እንዲያስቀዳልኝ እጠይቀዋለሁ።