ከደሴ ተነስቶ ሐይቅ ከተማ ላይ አንድ ቀን እንዴት መዋል ይቻላል

ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚያልፍ መንገደኛ ሐይቅን ብዙውን ጊዜ በመስኮት ነው የሚያያት። ስልኩን አውጥቶ አንድ ፎቶ ያነሳል፣ መኪናውም ይነጉዳል። ይህ ግፍ ነው። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ትንሿ ከተማ ሙሉ ቀን ታውላለች። ቅደም ተከተሉን ብቻ እወቁበት፦ ጠዋት ገዳም፣ ቀትር ላይ ዓሣ፣ የቀረው እንደ ጊዜያችሁ።

ወቅቱን ምረጡ። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ቢሆን ጥሩ ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ ጋራው ግን ገና አረንጓዴ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጭቃ ነው። በልግ ሲገባም ጃንጥላ ያዙ።

በጠዋት ውጡ። ዋዜማውን ስለ መንገዱ ሁኔታ የደሴ ሰው ጠይቁ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ከደረሳችሁ ሚኒባሱ እስኪሞላ ብትጠብቁም አይረፍድባችሁም። ሐይቅ ስትወርዱ ባጃጅ ያዙ። ሳትሳፈሩ ዋጋ ተነጋገሩ፤ የመመለሻውንም አብራችሁ ጨርሱት።

ገዳሙን አስቀድሙ። ሐይቅ እስጢፋኖስ በአንድ ወቅት በውኃ የተከበበ ደሴት ነበር። ዛሬ በእግር ይገባል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ እዚህ ትልቅ የትምህርት ማዕከል አቋቋሙ። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእሳቸው እግር ሥር ተምረዋል። የገዳሙ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» እየተባለ በቤተ መንግሥት ትልቅ ሥልጣን የነበረው ሰው ነበር። አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስጻፉት የብራና ወንጌልም በአገራችን ካሉት ጥንታውያን መጻሕፍት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ቸኩላችሁ አትውጡ። አባቶችን በትሕትና ጠይቁ፣ ያስረዷችኋል። ነጠላ ያዙ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ጫማ አውልቁ፣ ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት አስፈቅዱ። የአባ ኢየሱስ ሞዓ በዓል ኅዳር 26 ነው። ድምቀት የሚወድ ያኔ ይሂድ፤ ጸጥታ የሚፈልግ ሌላ ቀን ይምረጥ።

አንድ ነገር ግን ቀድማችሁ እወቁ፦ ሴቶች ወደ ገዳሙ አይገቡም። እናትና እህት ይዞ ሄዶ በር ላይ መነጋገር አይመችም። ከቤት ሳትወጡ ተስማሙ። ወንዶቹ ሲገቡ ሴቶቹ የሐይቁ ዳርቻ ላይ ወፎቹን እያዩ ይናፈሱ፤ እውነቱን ለመናገር ባሕሩን ደህና አድርገው የሚያዩት እነሱ ናቸው።

ምሳ ዓሣ ነው። ቆረሶው ተጠብሶ በዳጣ ሲቀርብ ሌላ ነገር አያስመኝም። ትኩስ መሆኑን ጠይቁና እዘዙ። በጾም ቀን «ዓሣ ይበላል? አይበላም?» የሚለው ክርክር እዚህም ስላለ፣ አብሯችሁ የመጣውን ሰው ሳትጠይቁ ለሁሉም አትዘዙ። ረመዳን ከሆነ ደግሞ ከተማው ቀን ቀን ቀዝቀዝ ይላልና ስንቅ መያዝ ይሻላል።

ጀልባ ካማራችሁ ዋጋውንም ቆይታውንም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ዋና ግን ይቅርባችሁ። ውኃው ጸጥ ብሎ ያታልላል እንጂ ከ80 ሜትር በላይ የሚጠልቅበት ቦታ አለው።

ከሰዓት በኋላ አንዱን ምረጡ። ተፈጥሮ የሚያስደስታችሁ ወደ አርዲቦ ሂዱ። ከፍ ብሎ ያለ ሌላ ሐይቅ ነው፤ ውኃው በወንዝ ወደ ታችኛው ይወርዳል። ሰው ስለማይበዛበት እኔ የማደላው ለእሱ ነው። ታሪክ የሚስባችሁ ደግሞ በወልዲያ መንገድ ወደ ውጫሌ ቀጥሉ። አፄ ምኒልክ ከጣሊያን ጋር በ1881 ዓ.ም. የተዋዋሉት፣ በአንቀጽ 17 የተነሳ እስከ ዓድዋ ያደረሰው ውል የተፈረመው በዚያ አካባቢ ነው። አምባሰልም በዚያው ነው፤ የቅኝቱን ስም የሚያውቅ ሰው አገሩን ሲያይ ዝም ብሎ ማንጎራጎሩ አይቀርም። ሁለቱንም በአንድ ከሰዓት ለማዳረስ መሞከር ግን መንገድ ላይ መዋል ነው።

የትም ሂዱ፣ 10 ሰዓት ሳያልፍ ወደ ሐይቅ ከተማ ተመለሱ። ሲመሽ ትራንስፖርት ይሳሳል፣ ዋጋም ይንራል።

ባቲን ከዚህ ጉዞ ጋር አትደርቡት። አቅጣጫው ሌላ ነው፤ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ምሥራቅ ይወርዳል። አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው የሚገናኝበት ትልቁ ገበያም ሰኞ ነው የሚውለው። እሑድ ማታ ኮምቦልቻ እደሩና በጠዋት ውረዱ።