ከናይትሮጅን የወጡ የቀንድ አውጣ ሕዋሳት የሚሞቱበት ምክንያትና መፍትሔው

ይህ ጽሑፍ ከሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ከሚሰበሰቡ ቢዮምፋላሪያ ከተባሉ፣ ቢልሃርዚያን ከሚያስተላልፉ የውሃ ቀንድ አውጣዎች ሕዋስ እያሳደጉ በፈሳሽ ናይትሮጅን ለሚያስቀምጡ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። የሚዲየም (የሕዋስ ማሳደጊያ ፈሳሽ) የአገልግሎት ማብቂያ ቀን፣ የኢንኩቤተር ሙቀትና የሴፍቲ ካቢኔት (ከጀርም ተጠብቆ የሚሠራበት ሣጥን) ንጽሕና አስቀድመው እንደተረጋገጡ እንቆጥራለን። ከሐይቁ የመጣ ቀንድ አውጣ የቢልሃርዚያ እጭ ሊለቅ ስለሚችል ያለጓንት አይነካም፤ የነበረበት ውሃም ሳይቀቀል ወይም በበረኪና ሳይታከም አይደፋም።

ምልክት፦ ፍላስኩ በአንድ ሌሊት ይደፈርሳል። ምንጩ ብዙውን ጊዜ እንስሳው ራሱ ነው። ቀንድ አውጣውን ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ሳይመገብ ፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን ባለበት ንጹሕ ውሃ ማቆየትና ዛጎሉን በ70 በመቶ አልኮል መጥረግ ይረዳል። ከጎልማሳ አካል ይልቅ ከእንቁላሉ ውስጥ ካለው ሽል መጀመር ደግሞ እጅግ የተሻለ ነው። በማይክሮስኮፕ ሥር ፈጥኖ የሚዋኝ ነገር ከታየ በአንቲባዮቲክ ለማዳን አይሞክሩ፤ ፍላስኩን ያስወግዱ።

የተዘጋጀው ፈሳሽ በኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ጀርም መግደያ) ካለፈ በኋላም የሚበላሽ ከሆነ የከተማዋን ከፍታ ያስታውሱ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የግፊት መለኪያው 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ ውስጡ 121 ዲግሪ ሳይሆን ወደ 118 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ስለዚህ መታየት ያለበት ግፊቱ ሳይሆን ሙቀቱ ነው።

ምልክት፦ ሕዋሳቱ አይጣበቁም፣ ይሸበሸባሉ። ለሰውና ለአይጥ ሕዋስ የተዘጋጀ ሚዲየም ኦስሞላሊቲው (በውስጡ የሟሙ ነገሮች ክምችት) 290 ሚሊኦስሞል አካባቢ ሲሆን የእነዚህ ቀንድ አውጣዎች ደም ግን ከዚያ ግማሽ እንኳን አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ1976 በኤደር ሀንሰን ከቢዮምፋላሪያ ግላብራታ ሽሎች የተመሠረተው ቢጂኢ የተባለው የሕዋስ መስመር (በቤተ ሙከራ ሳያቋርጥ የሚራባ ሕዋስ) የሚያድገው ለነፍሳት ሕዋስ የተዘጋጀው የሽናይደር ሚዲየም 22 በመቶ ብቻ በሆነበት ቀጭን ፈሳሽ፣ በ26 ዲግሪ አካባቢና ያለካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በተለመደው ፒቢኤስ (ሕዋስ ማጠቢያ የጨው ውሃ) ማጠብም ያው ጥፋት ነው፤ ፒቢኤሱ ራሱ መቅጠን አለበት።

ከሁሉም በላይ ደጋግመን የምናየው ችግር ግን የሚከተለው ነው።

ምልክት፦ ሕዋሳቱ ከመቀዝቀዛቸው በፊት ጤነኞች ነበሩ፤ ከናይትሮጅን ወጥተው በትሪፓን ብሉ (የሞቱ ሕዋሳትን ብቻ በሚያቀልም ቀለም) ሲቆጠሩም አብዛኞቹ ሕያው ይመስላሉ፤ በማግስቱ ግን ፍላስኩ ባዶ ነው። ብዙ ሰው ናይትሮጅኑን ወይም ሕዋስን ከበረዶ ጉዳት ለመጠበቅ የሚጨመረውን ዲኤምኤስኦ ይወቅሳል። ፒፔቱን ከፈሳሹ ሲያነሱት እንደ ንፍጥ የሚሳብ ክር ጫፉን ተከትሎ ከመጣ፣ ያ ክር ከፈነዱ ሕዋሳት የወጣ ዲኤንኤ ነውና ጥፋቱ የደረሰው በረዶው በቀለጠባቸው የመጀመሪያ ደቂቃዎች ውስጥ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። 10 በመቶ ዲኤምኤስኦ ብቻውን ከ1,000 ሚሊኦስሞል በላይ ይጨምራል፤ ሕዋሱም በውስጡ ዲኤምኤስኦ ሞልቶት ይወጣል። በዚህ ላይ ቀጭኑ የቀንድ አውጣ ሚዲየም በአንድ ጊዜ ሲፈስበት፣ ዲኤምኤስኦው ከመውጣቱ በፊት ውሃው ይገባና ሕዋሱ አብጦ ይፈነዳል። ሚዲየሙ ቀጭን በመሆኑ ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል፤ የሰው ሕዋስ የሚታገሠውን አፈሳስ የቀንድ አውጣ ሕዋስ የማይታገሠውም ስለዚህ ነው። አንድ የማስተርስ ተማሪ በሰው ሕዋስ ላይ የሠለጠነበትን መንገድ ይዞ መጣና 10 ሚሊ ሊትር ሚዲየም በአንድ ጊዜ እየደፋ ያስቀመጠውን ሁሉ ጨረሰ፤ በየጊዜው ዲኤምኤስኦ ይቀይር ነበር እንጂ አፈሳሱን አልቀየረም። የቀረችውን አንዲት ቫያል (ሕዋስ የሚቀዘቅዝባት ትንሽ ብልቃጥ) በጠብታ ስናቀጥንለት ሕዋሳቱ በማግስቱ ወለሉን ይዘው ተገኙ።

መፍትሔው ትዕግሥት ነው። ሲያቀዘቅዙ፣ በበረዶ ላይ በተቀመጠው የሕዋስ ፈሳሽ ላይ እኩል መጠን ያለው ባለ20 በመቶ ዲኤምኤስኦ ሚዲየም በጠብታ ይጨምሩ፤ በደቂቃ 1 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ዕቃ እስከ −80 አውርደው በማግስቱ ወደ ናይትሮጅን ያዛውሩ። ሲያወጡ ቫያሉን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ እየወዘወዙ፣ ትንሽ የበረዶ ቅንጣት ሲቀር ያንሡት። ከዚያ ሚዲየሙን አንድ ጠብታ፣ ጥቂት ቆይቶ ሁለት፣ ከዚያም አራት እያሉ 10 ደቂቃ ያህል ወስደው ያቅጥኑ፤ ሴንትሪፊውጁም በ200 ጂ (በምድር ስበት 200 እጥፍ) ብቻ ይሁን።

የ−80 ፍሪዘር የመሸጋገሪያ እንጂ የማከማቻ ቦታ አይደለም። በአንድ ቤተ ሙከራ ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ ጄነሬተሩም ሳይነሣ ቀረ፤ ሰኞ ጠዋት የፍሪዘሩ ማሳያ −80 ይል ነበር፤ በውስጡ ለወራት የተከማቹት ቫያሎች ግን በሙሉ ሞተው ነበር። ማሳያው ያለፈውን አይናገርም፤ ዝቅተኛና ከፍተኛውን የሚመዘግብ ቴርሞሜትር ያስገቡ። የናይትሮጅኑንም ከፍታ በየሳምንቱ በዘንግ ይለኩ፤ ከብት የሚያዳቅሉ ባለሙያዎች ይህን ያለማቋረጥ ስለሚሠሩ ከእነርሱ መማር ይቻላል። ታንኩ ያለበት ክፍል አየር ካልገባው ናይትሮጅኑ ኦክስጅኑን ተክቶ ሰው ይገድላል።

ስለ ዕቃ ጥራት ዝም ማለት አይቻልም። መለያ ከሌለው ጠርሙስ የተቀዳ ዲኤምኤስኦ ለሕዋስ አይሆንም፤ በሴሉሎስ አሴቴት ወይም በሴሉሎስ ናይትሬት ማጣሪያም አይጣራም፣ ማጣሪያውን ያሟሟዋልና ናይለን ይጠቀሙ። ማሸጊያ ጎማ የሌለው ርካሽ ቫያል ናይትሮጅን ያስገባና ሲሞቅ ይፈነዳል፤ ያለፊት መከላከያ ቫያል የሚያወጣ ሰው ዓይኑን ለአደጋ ይሰጣል።

ካቀዘቀዙ ከሳምንት በኋላ አንዷን ቫያል አውጥተው ከ24 ሰዓት በኋላ ይቁጠሩ። ወለሉን የያዙ ሕያው ሕዋሳት ካላዩ ኢንኩቤተር ውስጥ ያለውን ፍላስክ እንዳይደፉት።