ኤንቺላዳ እንደ ሜክሲኮዎቹ፦ አሠራሩና ከአሜሪካው የሚለይበት

አሜሪካ ምግብ ቤት ገብተው ኤንቺላዳ ቢያዝዙ ብዙ ጊዜ የሚመጣልዎት ከኦቨን የወጣ የሚፋጅ ሳህን ነው። ላዩ ላይ ቢጫ ቺዝ ቀልጦ ተንጣሏል፤ ከሥሩ የከሙን ሽታው ከሩቅ የሚጣራ ቡናማ ወፍራም ሶስ አለ። ሜክሲኮ ጉዋናሁዋቶ ውስጥ ያንኑ ስም ቢጠሩ ግን ኦቨን ጨርሶ ያላየ ነገር ይቀርብልዎታል፦ ቀይ የበርበሬ ሶስ የጠጣ የበቆሎ ቶርቲያ (ስስ ክብ ቂጣ)፣ መሃሉ ትንሽ ነጭ አይብ፣ ላዩ ላይ ጥሬ ሽንኩርት። ስሙም የሚለው ይህንኑ ነው። በስፓኒሽ «ኤንቺላዳ» ማለት በርበሬ የተቀባ፣ በርበሬ የነካው ማለት ነው። ውስጡ የሚገባው ነገር ተጨማሪ ነው፤ ምግቡን ምግብ የሚያደርጉት ቶርቲያውና ሶሱ ናቸው። ሁለቱን በደንብ የሠራ ሰው ሌላው አይከብደውም።

የቴክሳሱን «የውሸት» ማለት ግን ስህተት ነው። ቴክሳስ እስከ እ.ኤ.አ. 1836 ድረስ የሜክሲኮ ግዛት ነበረች፤ እዚያ የነበሩ ቤተሰቦች ሳይንቀሳቀሱ ነው ድንበሩ ያለፋቸው። የስንዴ ዱቄት፣ የከብት ሥጋና ቼዳር ቺዝ በቅርብ ስለነበር በእሱ አበሰሉ። በ1890ዎቹ ደግሞ ዊልያም ጌብሃርት የተባለ ጀርመናዊ ስደተኛ ኒው ብራውንፈልስ በምትባል የቴክሳስ ከተማ ደረቅ በርበሬ ከቅመም ጋር ፈጭቶ በጠርሙስ ይሸጥ ጀመር። ዛሬ «ቺሊ ፓውደር» የሚባለው የዚያ ዘር ነው፤ የአሜሪካው ሶስ ጣዕምም ከዚሁ ዱቄት ይመጣል። በሜክሲኮው አሠራር በርበሬው ዱቄት ሆኖ አይገዛም፤ ዛላው ተዘፍዝፎ ይፈጫል። ዋናው ልዩነት ይህ ነው፤ ማቃጠሉ አይደለም። እንዲያውም ሚጥሚጣ የለመደ ሰው የሜክሲኮውን ሶስ ቀምሶ «በርበሬው የታለ?» ሊል ይችላል።

ለ4 ሰው የሚያስፈልገው

ለቶርቲያው፦ 2 ኩባያ (250 ግራም ገደማ) ማሳ ሃሪና (በኖራ ውሃ ከተቀቀለ በቆሎ የሚፈጭ የቶርቲያ ዱቄት)፣ 1 ኩባያ ተኩል (360 ሚሊ ሊትር) ለብ ያለ ውሃ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው።

ለሶሱ፦ 8 ጉዋሂዮ እና 2 አንቾ የሚባሉ ደረቅ በርበሬዎች፣ 2 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ሩብ ራስ ሽንኩርት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ኦሬጋኖ፣ 2 ኩባያ መረቅ ወይም ውሃ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ከሙን ከፈለጉ በሁለት ጣት ቆንጥረው ብቻ።

ለውስጡና ለላዩ፦ 250 ግራም ኬሶ ፍሬስኮ (ነጭ የሚፈረፈር ለጋ አይብ)፣ 1 ራስ ሽንኩርት በጣም ደቅቆ የተከተፈ፣ ለመጥበሻ ግማሽ ኩባያ ዘይት።

ዱቄቱ ላይ አይሳሳቱ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ከወፍጮ ቤት የመጣ ተራ የበቆሎ ዱቄት ቶርቲያ አይሆንም። አቡክተው፣ ጠፍጥፈው ሊያነሱት ሲሉ ዳር ዳሩ ይሰነጠቅና እጅዎ ላይ ይፈረካከሳል። የሜክሲኮው ዱቄት የሚፈጨው በኖራ ውሃ ተቀቅሎ ካደረ በቆሎ ነው። ኖራው የፍሬውን ልባስ ያላቅቃል፣ ሊጡ እርስ በርሱ እንዲያያዝ ያደርጋል፤ ያ የቶርቲያ ልዩ ሽታም የሚመጣው ከእሱ ነው። በቆሎ ውስጥ ተቆልፎ የሚቀረውን ናያሲን የተባለ ቫይታሚንም ይፈታል። በቆሎ ወደ አውሮፓ ሲሻገር ይህ ዘዴ አብሮ አልሄደም፤ ከበቆሎ በቀር ሌላ ምግብ ያልነበራቸው ድሆች ፔላግራ በሚባል በሽታ ያለቁት ለዚህ ነው።

አሜሪካ ያለ ሰው ማሳ ሃሪናን ከላቲኖ ሱቅ ያገኛል፤ ማሴካ የሚባለው በየቦታው አለ። የከረጢቱን ጀርባ ይመልከቱ፤ በቆሎና ኖራ የሚል ከሆነ ትክክለኛው ነው። አሬፓ ለሚባለው የደቡብ አሜሪካ ወፍራም ቂጣ የሚሸጠው ቀድሞ የበሰለ የበቆሎ ዱቄት መልኩ ቢመሳሰልም ኖራ ስላልነካው አይሆንም። ለታማሌ (በቅጠል ተጠቅልሎ በእንፋሎት ለሚበስል የበቆሎ ሊጥ) የተዘጋጀውም ሸካራ ስለሆነ ይሰነጠቃል።

ዱቄቱን የማያገኝ ሰው ከፍሬው መነሳት ይችላል። 1 ኪሎ ደረቅ ነጭ በቆሎ፣ 3 ሊትር ውሃና 10 ግራም ለምግብ የተፈቀደ ኖራ በማይዝግ ብረት ድስት ጥደው ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ቀስ ብሎ ይብሰል። ፍሬውን በጣት ሲያሹት ልባሱ ከወለቀ በቅቶታል፤ ከድነው ያሳድሩት። ጠዋት በብዙ ውሃ አጥበው በእጅ ወፍጮ ሊጥ እስኪሆን ይፍጩት። በአሉሚኒየም ድስት አይሥሩ፣ ኖራው ይበላዋል። የግንባታ ኖራ ደግሞ ለምግብ ፈጽሞ አይሆንም።

ቶርቲያው

ከተቻለ ኤንቺላዳው ከሚበላበት ቀን አስቀድመው ይጋግሩት። ትኩስ ቶርቲያ እርጥበት ስለሚበዛው ዘይትና ሶስ ሲነካው ይቀደዳል፤ ያደረው ግን ይጠነክራል።

1. ዱቄቱንና ጨውን ቀላቅለው ለብ ያለውን ውሃ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ያቡኩ። ከዚያ እርጥብ ፎጣ ሸፍነው 30 ደቂቃ ያሳርፉት። ዱቄቱ ውሃውን የሚጠጣው በዚህ ጊዜ ነው፤ የቸኮለ ሰው «ሊጡ ቀጠነ» ብሎ ዱቄት ይጨምርና ኋላ ይደርቅበታል።

2. ከሊጡ ቆንጥረው አድቦልቡለው በመዳፍዎ ጫን ያድርጉት። ዳሩ ከተሰነጠቀ በማንኪያ ውሃ ጨምረው እንደገና ያሹት። እጅ ላይ ከተጣበቀ ትንሽ ዱቄት ይበቃዋል። ልክ የሆነ ሊጥ ለስላሳ ነው፣ አይጣበቅም።

3. በ16 ይክፈሉት፤ እያንዳንዱ ከ35 እስከ 40 ግራም ይሆናል። 12ቱ ለኤንቺላዳው ናቸው፤ የቀሩት እጅ ማሟሻ ይሁኑ፣ የመጀመሪያዎቹ መበላሸታቸው አይቀርም።

4. አንዱን ድቡልቡል ከሁለት ላስቲክ መሃል አድርገው በቶርቲያ መጫኛ፣ ከሌለም ታቹ ልሙጥ በሆነ ከባድ ድስት፣ ስፋቱ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል እስኪሆን ይጫኑት። ላስቲኩን ከሊጡ ላይ ይላጡ እንጂ ሊጡን ከላስቲኩ ላይ አይጎትቱ።

5. በጣም የጋለ ምጣድ ላይ ያለ ዘይት ያሳርፉት። ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ቆይቶ ዳሩ ሲላቀቅ ይገልብጡት፣ ሌላው ጎን ለ1 ደቂቃ ያህል ይብሰል፣ ከዚያ እንደገና ይገልብጡት። ይህን ጊዜ መሃሉ እንደ ፊኛ ይነፋል። ካልተነፋ ወይ ምጣዱ አልጋለም፣ ወይ ሊጡ ደርቋል፣ ወይ የመጀመሪያው ጎን ብዙ ቆይቷል።

የእንጀራ ምጣድ ለዚህ ሥራ ይመቻል፤ በኤሌክትሪኩ አራት አምስት ቶርቲያ ባንዴ ይወጣል። ሜክሲኮ ገጠር ውስጥ «ኮማል» የሚሉት የሸክላ ምጣድ አለ፤ እኛ ጎመን ዘር እንደምናሸው እነሱ እንዳይጣበቅ የኖራ ውሃ ይቀቡታል። የተጋገረውን በንጹህ ጨርቅ ጠቅልለው ክዳን ባለው ነገር ያስቀምጡ፤ አገልግል ካለዎት እሱ ነው ቦታው። በራሱ እንፋሎት ለ15 ደቂቃ ሲታፈን ይለሰልሳል፤ ያልታፈነ ቶርቲያ ሲያጥፉት ይሰበራል።

ሶሱ

በርበሬዎቹን ቀንጥሰው፣ በመቀስ ሰንጥቀው ፍሬና ጅማታቸውን ያውጡ። ጉዋሂዮ ልሙጥና ቀጭን ቆዳ ያለው ነው፤ ቀለሙን የሚሰጠው እሱ ነው። አንቾ የተጨማደደ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላና ዘቢብ ዘቢብ የሚሸት ነው፤ ጣፈጥ የሚያደርገውና የሚያወፍረው እሱ ነው።

አሁን በመካከለኛ እሳት ላይ ባለ ደረቅ መጥበሻ በማንኪያ እየተጫኑ በየጎኑ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ብቻ ያሙቋቸው። ቆዳው ፈካ ሲልና ሽታው ሲነሳ ያውጡ። ጭስ ካዩ አልፏል። አንድ ዛላ ቢያር ድስቱን ሙሉ ያመርራል፤ ያረረውን ጥለው በሌላ ይተኩት፣ ስኳርም ቲማቲምም አያድነውም።

የፈላ ውሃ አፍስሰው 20 ደቂቃ ይዘፍዝፉ። የዘፈዘፉበትን ውሃ ይቅመሱት፤ ከመረረ ይድፉት። በርበሬውን ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከሽንኩርቱ፣ ከኦሬጋኖውና ከመረቁ ጋር በብሌንደር 2 ደቂቃ ሙሉ ፈጭተው በወንፊት ያጥልሉት። ማጥለሉን አይዝለሉ፤ የጉዋሂዮ ቆዳ እንደ ላስቲክ ነው፣ በጥርስ ይቀራል። ዘይቱን በሰፊ ድስት አግለው ሶሱን ባንዴ ይገልብጡበት። ይንጨረጨራል፣ ስለዚህ ክዳን በእጅዎ ይሁን። ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ሲንተከተክ ደማቅ የነበረው ቀይ ይጠቁራል፣ ጥሬ ሽታውም ይጠፋል። ማንኪያ ነክረው ጀርባውን በጣት ሲያሰምሩ መስመሩ ካልተከደነ በቅቷል። የበዛ ከወፈረ ቶርቲያው ላይ ይቋጠራል፣ ውሃ ያድርጉበት። ጨው መጨረሻ ላይ።

አገር ቤት ያለ ሰው በጉዋሂዮው ፈንታ ያልተፈጨ ዛላ በርበሬ መሞከር ይችላል። የእኛው የበለጠ ስለሚያቃጥል ቁጥሩን በግማሽ ቀንሰው፣ ፍሬውን አራግፈው፣ ምጣድ ላይ የተጠበሰ 2 ቲማቲም አብረው ይፍጩ። ጣዕሙ የጉዋሂዮን አይሆንም፤ ነገር ግን ሶስ ይሆናል። በርበሬ ዱቄቱን ግን አይጠቀሙ፤ ኮረሪማውና ሌላው ቅመሙ ሶሱን ወደ ወጥ ይወስደዋል።

መጥበስ፣ መንከር፣ ማጠፍ

ሁሉንም አጠገብዎ ደርድረው ይጀምሩ፦ ዘይት ያለበት መጥበሻ፣ ትኩስ ሶስ፣ ውስጡ የሚገባው፣ ሳህን።

ቶርቲያውን በጋለ ዘይት በየጎኑ ከ5 እስከ 8 ሰከንድ ያሳልፉት። የሚፈለገው እንዲለሰልስና ዘይት እንዲለብስ እንጂ እንዲደርቅ አይደለም፤ ያለ ዘይት ሶስ ውስጥ የገባ ቶርቲያ ገንፎ ይሆናል። አንጠፍጥፈው ሶሱ ውስጥ ሁለቱንም ጎን ይንከሩ፣ ሳህን ላይ አድርገው አንድ የሾርባ ማንኪያ ተኩል አይብ በሽንኩርት ይጨምሩበት፣ አጥፈው ወይም ጠቅልለው ቀጣዩን ይያዙ። ለአንድ ሰው ሦስት። ሜክሲኮ ውስጥ መጀመሪያ ሶስ ነክረው ከዚያ የሚጠብሱም ብዙ ናቸው፤ ጣዕሙ ይበልጣል፣ ግን ዘይቱ ፊት ላይ ይረጫል፣ ለጀማሪ አይመከርም።

ኬሶ ፍሬስኮ ከሌለ የእኛ አይብ ይተካዋል፤ ሁለቱም ሲሞቁ አይቀልጡም፣ ክር አይሠሩም። አይብ ውሃ ስለሚይዝ በጨርቅ አንጠልጥለው ያጥልሉትና ጨው ያድርጉበት። ለጾም 400 ግራም ድንች ቀቅለው በሽንኩርት ፈጭተው ይሙሉት፣ ሶሱን በውሃ ይሥሩት፣ ላዩ ላይ አቮካዶ። ይህ ከሜክሲኮው ሩቅ አይደለም፤ ጉዋናሁዋቶ ውስጥ የማዕድን ሠራተኞች ኤንቺላዳ በሚሉት ላይ የተጠበሰ ድንችና ካሮት ይከመራል።

የቴክሳሱን ከፈለጉ

ሩብ ኩባያ የስንዴ ዱቄት በሩብ ኩባያ ዘይት ቡናማ እስኪሆን ያቁላሉ፤ 2 የሾርባ ማንኪያ ቺሊ ፓውደርና 2 የሻይ ማንኪያ ከሙን ጨምረው 1 ደቂቃ ያማስሉ፤ 2 ኩባያ መረቅ እየጨመሩ ለ15 ደቂቃ ያንተክትኩ። ዘይት የነካውን ቶርቲያ በቼዳር ሞልተው ይደርድሩ፣ ሶሱንና ተጨማሪ ቺዝ ከላይ አድርገው በ190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ15 ደቂቃ ኦቨን። ለብዙ እንግዳ የሚመቸው ይኸኛው ነው፣ ቀድሞ ተሠርቶ ይጠብቃል።

ከቤት ውጭ ለሚበላ አንድ ነገር፦ ተፈጭቶ የተጠበሰ ቦሎቄ፣ ታማሌና የስንዴ ቶርቲያ በብዙ ቤት የሚሠሩት «ማንቴካ» በሚባል የአሳማ ስብ ነው፣ ሥጋ የሌለበት ሳህን ላይም ቢሆን። የማይበላ ሰው «ማንቴካ አለው ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። የበቆሎ ቶርቲያ ግን ብዙውን ጊዜ በቆሎ፣ ኖራና ውሃ ብቻ ነው።

ሶሱ ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ 3 ወር ይቆያል። በሶስ የተነከረው ኤንቺላዳ ግን 10 ደቂቃ ካለፈው ይላሽቃል፤ ስለዚህ መጥበስ የሚጀመረው በላተኛው ተቀምጦ ነው።