የፒቱታሪ ዕጢን የኤምአርአይ ውጤት እንዴት እናንብብ? የተፈጥሮ ልዩነትን ከሕመም የመለየት አካሄድ

በአማርኛ «ዕጢ» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን ይጠራል። እንደ ታይሮይድና ፒቱታሪ ያሉ፣ ሁላችንም ይዘናቸው የምንወለድ ሆርሞን አመንጪ አካላት «ዕጢ» ይባላሉ፤ በሰውነት ውስጥ ያለ ቦታው የበቀለ እብጠትም እንዲሁ «ዕጢ» ይባላል። ስለዚህ ራስ ምታት ጠንቶበት ኤምአርአይ የተነሣ ሰው «ፒቱታሪ ዕጢህ ትንሽ ከፍ ብሏል» ሲባል፣ ቤቱ ይዞት የሚገባው ወሬ «ጭንቅላቴ ውስጥ ዕጢ ተገኘ» የሚል ይሆናል፤ ቤተሰቡም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንቅልፍ ያጣል። ሪፖርቱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ መሆኑ ደግሞ ድንጋጤውን ያባብሰዋል። ከዚህ በታች የቀረበው ቅደም ተከተል ሐኪሙን አይተካም፤ ነገር ግን ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ ምን መጠየቅ እንዳለብዎ ያሳያል።

ፒቱታሪ ከአፍንጫ ሥር በስተኋላ፣ በራስ ቅል ወለል ላይ ባለች ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠ፣ አተር የሚያህል፣ ክብደቱ ግማሽ ግራም ገደማ የሆነ አካል ነው። ጉድጓዷ ከጎን ስትታይ ኮርቻ ስለምትመስል የጥንት የአናቶሚ ሊቃውንት በላቲን «የቱርክ ኮርቻ» ብለው ሰየሟት፤ ሪፖርቱ ላይ «ሴላ» የሚለው ቃል እርሷን ያመለክታል። የሰዎች ፊት እንደሚለያይ ሁሉ የዚህች ጉድጓድ ጥልቀት፣ የዕጢው ቅርጽና የጎረቤቶቹ አቀማመጥም ከሰው ሰው ይለያያል።

በመጀመሪያ ምርመራው ለምን እንደታዘዘና እንዴት እንደተሠራ ይመልከቱ። የወር አበባ በመቅረቱ ወይም ሳይወልዱ ወተት በመፍሰሱ የታዘዘ ምርመራ፣ ከመኪና አደጋ በኋላ ከተነሣ ምርመራ ጋር አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም። በመጀመሪያው ሐኪሙ ፒቱታሪን ሆን ብሎ እየፈለገ ነው፤ በሁለተኛው ግን የተገኘው ነገር በአጋጣሚ የታየ ነው። በተጨማሪም ለጠቅላላ አንጎል የሚነሣው ኤምአርአይ ብዙውን ጊዜ ወፈር ባሉ ቁርጦች (አካሉ እንደ ዳቦ ተቆራርጦ የሚታይባቸው የምስል ንብርብሮች) የሚሠራ ሲሆን፣ ለፒቱታሪ ተብሎ የሚነሣው ግን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር በሚደርሱ ስስ ቁርጦች፣ ከፊትና ከጎን አቅጣጫ ይሠራል። በወፍራም ቁርጥ ላይ የዕጢው ምስል ከሥሩ ካለው አየር ወይም ከጎኑ ካለው የደም ቧንቧ ምስል ጋር ተደራርቦ የሌለ ጥቁር ነጥብ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ «ይህ ነጥብ በሁለቱም አቅጣጫ ታይቷል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ቀጥሎ የዕጢውን ቁመት ይፈልጉና ከባለቤቱ ዕድሜ፣ ፆታና ሁኔታ ጋር ያነጻጽሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ለሁሉም ሰው የሚሠራ አንድ ልክ የለምና። ራዲዮሎጂስቶች (ምስሉን የሚያነቡት ሐኪሞች) በቀላሉ ለማስታወስ 6፣ 8፣ 10፣ 12 የሚል መመሪያ ይጠቀማሉ፤ ይህም ለሕፃናት እስከ 6 ሚሊ ሜትር፣ ለወንዶችና የወር አበባቸው ለተቋረጠ ሴቶች እስከ 8፣ በመውለጃ ዕድሜ ላሉ ሴቶች እስከ 10፣ በእርግዝና መጨረሻና ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ደግሞ እስከ 12 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የ19 ዓመት ወጣት ሴት ዕጢ 9 ሚሊ ሜትር ሆኖ የላይኛው ገጹ ወደ ላይ ጎበጥ ቢል፣ ዕድሜዋ የሚያመጣው እንጂ በሽታ ላይሆን ይችላል። ያው 9 ሚሊ ሜትር በ70 ዓመት አዛውንት ላይ ከታየ ግን ማብራሪያ ይሻል። በእርግዝና ጊዜ ዕጢው የሚያድገው ፕሮላክቲን የተባለውን፣ ለጡት ወተት የሚያስፈልገውን ሆርሞን የሚያመነጩት ሕዋሳት ስለሚበዙ ነው።

በዚሁ ክፍል አንድ ነገር አጥብቄ ማሳሰብ እፈልጋለሁ። የታይሮይድ ዕጢ በሕመም ምክንያት ሆርሞን ማምረት ሲያንሰው ፒቱታሪ «ሥራ» እያለ ሊቀሰቅሰው ሲጥር ራሱም ያብጣል፤ በምስል ላይም ዕባጭ የበቀለበት ሊመስል ይችላል። ይህ ዓይነቱ እብጠት የታይሮይድ ሆርሞን ኪኒን በአግባቡ ሲወሰድ መልሶ ይሟሽሻል። ያደገ ፒቱታሪ የታየበት ሰው ስለ ቀዶ ሕክምና ከመነጋገሩ በፊት ርካሽና ቀላል የሆነውን የታይሮይድ የደም ምርመራ ማድረግ ያለበት ለዚህ ነው።

ከቁመቱ በኋላ በሪፖርቱ ላይ «ብሩህ ነጥብ» የሚል አገላለጽ ሊያጋጥምዎ ይችላል። የኋለኛው የዕጢ ክፍል ሽንትን የሚቆጣጠረውን ሆርሞን ስለሚያከማች በአንዳንድ የኤምአርአይ ምስሎች ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ስለዚህ ይህ ነጥብ መታየቱ ጤና ነው። በአንዳንድ ጤነኞች፣ በተለይም ዕድሜያቸው በገፋ ሰዎች ላይ፣ ላይታይም ይችላል። ባለመታየቱ ላይ ከመጠን ያለፈ ጥማትና እጅግ ብዙ ሽንት ከተጨመረበት ግን ጉዳዩ ይለወጣል።

ዕጢውን ከአንጎል ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ዘንግ ከላይ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ከታች ደግሞ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ማዘንበሉ ብቻውን የሕመም ማስረጃ አይደለም፤ የዕጢው አቀማመጥ መሐል ላይ ካልሆነ ዘንጉም ተከትሎት ያዘነብላል። መወፈሩ ግን ከማዘንበሉ ይበልጥ ትኩረት ይሻል።

አሁን ሰዎችን ከሁሉ በላይ ወደሚያስደነግጠው ቃል እንምጣ፤ እርሱም «ባዶ ሴላ» የሚለው ነው። ቃሉን የሰማ ሰው ዕጢው ጠፍቷል ብሎ ያስባል። እውነታው ግን አንጎልን የሚከበው ፈሳሽ ወደ ጉድጓዷ ገብቶ ዕጢውን ወለሉ ላይ ጠፍጠፍ አድርጎታል ማለት ነው፤ በብዙ ሰዎች ዘንድ የተጫነው ዕጢ ሥራውን ያለ እንከን ይሠራል። ሆኖም ሁለት ሁኔታዎችን መለየት ግድ ነው። ክብደቷ የጨመረ፣ በተለይም ወጣት የሆነች ሴት ራስ ምታት፣ ከልብ ምት ጋር የሚሄድ የጆሮ ድምፅና ለቅጽበት ዓይን የመጋረድ ስሜት ካላት፣ ባዶው ሴላ በራስ ቅል ውስጥ ያለው ግፊት መጨመሩን የሚያመለክት ሊሆን ስለሚችል የዓይን ሐኪም የዓይን ነርቭዋን ማየት አለበት።

ሁለተኛው ሁኔታ በተለይ እኛን ኢትዮጵያውያንን የሚመለከት ነው። በአገራችን ከወሊድ ጋር የሚመጣ ከባድ የደም መፍሰስ ከእናቶች ሞት ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው፤ ከሞት ከተረፉት መካከልም በእርግዝና ያደገው ፒቱታሪያቸው ደም አጥሮት የሚጎዳባቸው አሉ። እንዲህ ያለች እናት ጡቷ ወተት አይሰጥም፤ የወር አበባዋ አይመለስም፤ ድካሙ፣ የደም ግፊት ማነሱና ብርድ አለመቻሉ ለዓመታት «የደም ማነስ ነው»፣ «የአራስነት ድካም ነው» እየተባለ ሊያልፍ ይችላል። ከዓመታት በኋላ ኤምአርአይ ተነሥታ ባዶ ሴላ ሲታይ ሪፖርቱ የተለመደ ልዩነት ነው ቢል እንኳ፣ የወሊዱ ታሪክ ካልተነገረ ምስሉ ብቻውን አይናገርም። ስለዚህ እህቴ፣ በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ፈሶሽ ከነበረ ሳትጠየቂም ለሐኪሙ ንገሪ፤ ከታይሮይድና ከኮርቲሶል (ሰውነት ጭንቀትን የሚቋቋምበት ሆርሞን) የደም ምርመራ የሚገኘው መልስ ሕይወት የሚያድን ነው።

ሪፖርቱ ትንሽ ከረጢት ወይም ከ10 ሚሊ ሜትር ያነሰ ዕባጭ ካመለከተስ? በሌላ ምክንያት በሞቱ ሰዎች ላይ በተደረጉ የአስከሬን ምርመራዎች፣ ከአሥር ሰዎች በአንዱ ገደማ በሕይወት ዘመኑ ያላወቀው ትንሽ የፒቱታሪ ዕባጭ ተገኝቷል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ካንሰር አይደሉም። ከፅንስ ዕድገት የተረፉ፣ በፈሳሽ የተሞሉ ትናንሽ ከረጢቶችም በዕጢው የፊትና የኋላ ክፍሎች መካከል ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአሜሪካው የኢንዶክራይን (የሆርሞን ሕክምና) ማኅበር መመሪያ እንዲህ ያለ ነገር በአጋጣሚ ሲገኝ፣ ምልክት የሌለው ሰውም ቢሆን፣ የሆርሞን ምርመራ እንዲደረግለት ይመክራል። ፕሮላክቲን ከፍ ብሎ ሲገኝም ቸኩሎ ዕባጩን ከመውቀስ በፊት እርግዝናን፣ ማጥባትን፣ እንዲሁም እንደ ሜቶክሎፕራማይድ፣ ሃሎፐሪዶልና ሪስፐሪዶን ያሉ መድኃኒቶችን ማሰብ ያስፈልጋል፤ መድኃኒቱን ግን ያለ ሐኪም ፈቃድ ማቆም አይገባም።

ስለ ጎረቤቶቹ ጥቂት ልጨምር። በዕጢው ግራና ቀኝ የሚያልፉት የካሮቲድ የደም ቧንቧዎች በአንዳንድ ሰዎች ወደ መሐል በጣም ይጠጋሉ፤ ከሥሩ ያለው ስፊኖይድ የተባለው የአየር ክፍልም በአንዱ ሰው ሰፊ፣ በሌላው ጠባብ ነው። እነዚህ ለባለቤታቸው ሕመም አያመጡም፤ በአፍንጫ በኩል ገብቶ ቀዶ ሕክምና የሚያደርግ ሐኪም ግን አስቀድሞ ሊያውቃቸው ይገባል።

ድንገተኛ ኃይለኛ ራስ ምታት ከማስመለስ፣ ከዓይን መጋረድ ወይም ከዓይን ቆብ መውደቅ ጋር ከመጣ፣ ወይም የግራና የቀኝ ጎን እይታዎ ከጠበበ፣ ይህን ሁሉ ሳያነቡ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ሐኪሙ «እንከታተለው» ካለ፣ ያው የ2011 መመሪያ ከ10 ሚሊ ሜትር በታች ለሆነ ዕባጭ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ከዚያ ለሚበልጠው ከስድስት ወር በኋላ ድጋሚ ኤምአርአይ ይመክራል። ያን ቀን የወረቀት ሪፖርቱን ብቻ ሳይሆን ምስሎቹ ያሉበትን ሲዲ ይዘው ይሂዱና ራዲዮሎጂስቱ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አድርጎ እንዲለካ ይጠይቁ፤ በሁለት ሪፖርቶች መካከል የሚታይ የ1 ሚሊ ሜትር ልዩነት ከዕባጩ ማደግ ሳይሆን ከመሣሪያው ወይም ከለኪው እጅ ሊመጣ ይችላልና።