በአንድ ፓስ ብዙ ተራራ፦ የስኪ ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብሎ ስለ ስኪ፣ በረዶ ላይ ስለሚንሸራተቱበት ስፖርት፣ መጻፍ እንደሚያስቅ አውቃለሁ። እኛ ጋ በረዶ የሚመጣው በሐምሌ ነው፤ ቆርቆሮውን ደብድቦ፣ ገብሱን አስተኝቶ፣ ብዙም ሳይቆይ ቀልጦ ይሄዳል። ግን ከጎጃም ወጥቶ ቨርጂኒያ፣ ሲያትል ወይም ሚኒሶታ የገባ ዘመድ ያለው ሰው ብዙ ነው። የእኛም ቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ ኅዳር ሲገባ ወሬው ሁሉ ስኪ ይሆናል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ሰምተው ይመጣሉ፣ ወላጆች ዋጋውን አይተው ይደነግጣሉ። ካርታና ካላንደር ከፍቶ የሚያስታርቃቸው፣ ዕድሜ ለኢንተርኔት፣ እኔ ነኝ።

"ሐበሻና ስኪን ምን አገናኛቸው?" የሚል አይጠፋም። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን የክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በአገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሯል። በ2010ም ቫንኩቨር ላይ ተመልሶ ታይቷል። ስለዚህ ወደ ሥራችን።

ፓሱ ምንድን ነው?

ፓስ አንዴ ተከፍሎበት ወቅቱን በሙሉ በብዙ የስኪ ተራሮች ላይ ሊፍቱን፣ ሰውን ወደ ላይ የሚያወጣውን ማመላለሻ፣ የሚያስጠቅም ቲኬት ነው። አሜሪካ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ፓሶች አሉ። ኤፒክ የቬይል ኩባንያ ነው፣ በ2008 ተጀመረ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። አይኮን በ2018 መጣ፣ የአልቴራ ነው። ስመ ጥር የሆኑት ግዙፍ ሪዞርቶች አብዛኞቹ በእነዚህ ሥር ናቸው። እዚህ ስለ እሱ የማወራው ኢንዲ ፓስ ግን በ2019 የተጀመረው በእነዚህ ኩባንያዎች ላልተያዙት፣ በቤተሰብ፣ በከተማ አስተዳደር ወይም በአነስተኛ ድርጅት ለሚተዳደሩ ተራሮች ነው። ሲጀመር ዋጋው 199 ዶላር ነበር። አሁን ከዚያ በጣም ጨምሯል፤ የተራሮቹም ቁጥር ከ200 አልፏል።

ሁሉን የሚወስነው አንድ ሕግ ነው፦ በእያንዳንዱ ተራራ ሁለት ቀን ብቻ። ሁለቱን ቀን ከጨረሳችሁ ወደ ሌላ ተራራ ትሄዳላችሁ። የቅዳሜውን ገበያ እዚህ፣ የማክሰኞውን እዚያ ብሎ ከከተማ ከተማ የሚዞር ነጋዴ የሚያስበውን ያህል ማሰብ ያስፈልጋል። ፓሱ የሚጠቅመው መንዳት ለሚወድ ሰው ነው። ቤቱ አጠገብ ያለ አንድ ተራራ ላይ በየሳምንቱ መሄድ የሚፈልግ ሰው የዚያኑ ተራራ የወቅት ፓስ ቢገዛ ይሻለዋል።

መጀመሪያ ሒሳቡን ሥሩ

በዚህ ወቅት በእውነት ስንት ቀን ትወጣላችሁ? በምኞት ሳይሆን፣ የሥራ ፈረቃችሁንና የልጆቹን ትምህርት አይታችሁ። ከዚያ ልትሄዱባቸው ያሰባችኋቸውን ተራሮች የቀን ቲኬት ዋጋ ጻፉ። ለምሳሌ ቲኬቱ በአማካይ 80 ዶላር፣ ፓሱ 400 ዶላር ቢሆን፣ አምስተኛው ቀን ላይ ወጪው ይመለሳል፤ ከስድስተኛው ጀምሮ ትርፍ ነው። ሦስት ቀን ብቻ ከሆነ የምትወጡት፣ ተዉት።

ስኪ ረግጦ ለማያውቅ ሰው ደግሞ ፓስ አልመክርም። አብዛኞቹ ትንንሽ ተራሮች ትምህርቱን፣ የዕቃውን ኪራይና የጀማሪዎቹን ሊፍት አንድ ላይ አድርገው በቅናሽ ይሸጣሉ። መጀመሪያ በዚያ ሞክሩ። ልጁ ሁለት ጊዜ ወድቆ "ሁለተኛ አልመጣም" ቢል የሚከስረው የአንድ ቀን ገንዘብ ነው። ፓሱ የሊፍት ብቻ መሆኑንም አትርሱ፤ ጫማው፣ ሰሌዳው፣ ሄልሜቱ ለብቻ ይከፈላል።

ቀጥሎ ካርታ

ቤታችሁን መሃል አድርጉና በመኪና የሦስት ሰዓት መንገድ ዙሪያውን አክብቡ። በዚያ ክብ ውስጥ ስንት የፓሱ ተራሮች አሉ? ሁለት ወይም ሦስት ካሉ ጥሩ ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለሚነሳ ሰው በቨርጂኒያ ማሳናተንና ብራይስ ለዓመታት በዝርዝሩ ላይ ቆይተዋል። ለሲያትል ሰው ሚሽን ሪጅና ኋይት ፓስ (ይህ የተራራ ስም ነው)፣ ለሚኒሶታ ሰው ደግሞ፣ ከሚኒያፖሊስ ከሦስት ሰዓት ቢርቅም፣ ሉትሰን እንዲሁ ቆይተዋል። ዝርዝሩ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ፣ ከመግዛታችሁ በፊት የዘንድሮውን እዩ።

ከዚያ አንድ ረዘም ያለ ጉዞ ጨምሩ። እዚህ ላይ ነው ፓሱ የሚጣፍጠው። ሦስት የሚቀራረቡ ተራሮች ካገኛችሁ፣ ሁለት ሁለት ቀን ስድስት ቀን ይሆናል። ማደሪያውን ተራራው ሥር ሳይሆን በሦስቱ መሃል ባለች ተራ ከተማ ያዙ፤ ዋጋው ይለያያል፣ ዕቃም በየቀኑ አታግዙም። ስለ መንገዱ ግን አትቀልዱ። በደረቅ ቀን የሁለት ሰዓት የሆነው በረዶ ሲጥል አራት ይሆናል፣ በምዕራቡ ተራሮችም የጎማ ሰንሰለት የሚጠየቅበት ቀን አለ። የዓባይን በረሃ በጉም የወረደ ሹፌር ነገሩ ይገባዋል።

ስለ ከፍታ የጎጃም ሰው ብዙም አይሰጋ። ቨርሞንት ያለው የጄይ ፒክ ጫፍ 1,200 ሜትር ገደማ ነው፤ ደብረ ማርቆስ በእጥፍ ትበልጠዋለች። ኮሎራዶ ሌላ ነው፣ እዚያ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ባሕር ጠለል ላይ ዓመታት የኖረ ሰው የጮቄ ልጅ ነኝ ብሎ አይኩራራ፤ የመጀመሪያውን ቀን ቀስ ብሎ፣ ውኃ እየጠጣ ይጀምር።

ካላንደሩ፦ ገና ይመቻል፣ ጥምቀት ያጋጫል

ርካሹ ፓስ በአንዳንድ ተራሮች ብላክአውት የሚሏቸው ቀኖች አሉት። በእነዚያ ቀኖች ፓሱ አይሠራም። ገደብ የሌለበት ፓስም አለ፣ ዋጋው ከፍ ይላል። ብዙውን ጊዜ የሚዘጉት ሦስት ወቅቶች ናቸው፦ ከፈረንጆቹ ገና እስከ አዲስ ዓመታቸው ያለው ሳምንት፣ በጃንዋሪ ሦስተኛው ሰኞ የሚውለው የማርቲን ሉተር ኪንግ በዓልና በፌብሩዋሪ ሦስተኛው ሰኞ የሚውለው የፕሬዚዳንቶች ቀን፣ ከነቅዳሜና እሑዳቸው።

የእኛ ካላንደር እዚህ ላይ ይረዳል። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ነው። ፈረንጆቹ በዓላቸውን ጨርሰው ወደ ሥራ የተመለሱበት፣ ተራራው ጭር የሚልበት፣ ማደሪያም የሚረክስበት ሳምንት ነው። ለገና ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው በዓሉን ካከበረ በኋላ ሁለት ቀን ቢጨምርበት ከዚያ የተሻለ ጊዜ አያገኝም። ጥምቀት ግን ተቃራኒው ነው። ጃንዋሪ 19 ወይም 20 ሲውል ከማርቲን ሉተር ኪንግ ቅዳሜና እሑድ ጋር በተደጋጋሚ ይገናኛል። ያን ጊዜ ተራራውን ለፈረንጆቹ ትታችሁ ታቦት ሸኙ።

በሥራ ቀን መሄድ የሚችል ሰውም አንድ ነገር ያጣራ። ከትንንሾቹ ተራሮች አንዳንዶቹ በሳምንቱ መጀመሪያ ይዘጋሉ። ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነድቶ የተዘጋ በር ማየት ያናድዳል።

አገዛዙ

ፓሱ የሚሸጠው በተወሰነ ቁጥር ነው። ዋናው ሽያጭ በፀደይ፣ በመጋቢት አካባቢ፣ ለሚቀጥለው ወቅት ይከፈታል። ዋጋውም ያኔ ይረክሳል። ካለቀ የተጠባባቂ መዝገብ ላይ ስም ማስገባት ነው። በታኅሣሥ በረዶ ሲጥል አይቶ ልግዛ የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ አያገኝም።

ስም ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ፓሱ አይተላለፍም፤ ብዙ ቦታ መታወቂያ አሳይታችሁ የቀኑን ቲኬት ትወስዳላችሁ። የእኛ ስም ደግሞ እንደምታውቁት ነው። ፓስፖርቱ ላይ አያት ይጨመራል፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ አባት ብቻ፣ ቤት የሚጠሩበት ደግሞ ሌላ። የቲኬት መስኮቱ ላይ የምታሳዩት መታወቂያ ላይ ያለውን፣ ፊደል ሳትለውጡ አስገቡ። የልጆቹን ዕድሜም አረጋግጡ፤ ለልጆች የተለየ ዋጋ አለ። በጣም ትንንሾቹን ደግሞ በነፃ የሚያስገቡ ተራሮች አሉ።

ልብስና ስንቅ

ጥጥ አትልበሱ። ከረጠበ አይደርቅም፣ ሙቀትም ይወስዳል። ከሥር ሱፍ ወይም የስፖርት ጨርቅ፣ መሃል ሹራብ፣ ከላይ ውኃ የማያስገባ ጃኬት። ጋቢ ጥጥ ነው፤ መኪና ውስጥ ይቆይ፣ ማታ ይፈለጋል።

ተራራ ላይ ምግብ ውድ ነው። ትንንሾቹ ተራሮች ግን ብዙውን ጊዜ ስንቅ ይዞ ተራራው ሥር ባለው ማረፊያ ቤታቸው ውስጥ ቁጭ ብሎ መብላትን አይከለክሉም። ዳቦ ቆሎ ኪስ ውስጥ አይቀዘቅዝም፣ አይበላሽም። በሶ በጥብጦ በቴርሞስ የያዘ ሰው እስከ ምሳ አይርበውም። መጋቢት ላይ ሁዳዴ ለያዘም ሁለቱ ይበቁታል።

እማማ ከደብረ ማርቆስ ልትጠይቅ መጥታ ከሆነ፣ እሷን ቤት ትታችሁ አትሂዱ። ስኪ ለማይሠራ ሰው ታች ያለው ማረፊያ ቤት መግቢያው በአብዛኛው አይከፈልበትም። መስኮቱ አጠገብ፣ እሳት ካለ እሳቱ ዳር አስቀምጧት። የልጅ ልጆቿን ከላይ ሲንሸራተቱ እያየች "ኧረ ልጄን! ያዙት!" ማለቷ የማይቀር ነው።

የዕለቱ ጠዋት

ከመነሳታችሁ በፊት የተራራውን የበረዶና የሊፍት ሪፖርት ክፈቱ። ትልቅ ሪዞርት አንድ ሊፍት ቢቆም ሌላ አለው። ትንሽ ተራራ ግን ወደ ጫፍ የሚያወጣው ሊፍት አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ነፋስ ከበረታ ያቆሙታል። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለተኛ ተራራ በተጠባባቂ ያዙ፣ በተለይ በሌላ አቅጣጫ ያለ። ቲኬቱን ከወሰዳችሁ ከሁለቱ ቀን አንዱ ተቆጠረባችሁ ማለት ነው። መስኮቱ ላይ መታወቂያችሁን ከመስጠታችሁ በፊት "ዛሬ የትኛው ሊፍት ነው የሚሠራው?" ብላችሁ ጠይቁ።