ቼክ ኢንጂን ሲበራ ሴንሰር ለመግዛት አትቸኩሉ

የሞተር ሳይክላችሁ ዳሽቦርድ ላይ ቢጫው የሞተር ምልክት (ቼክ ኢንጂን) በርቶ ሲቀር፣ ጎንደር ውስጥ የተለመደው መፍትሔ «ሴንሰሩ ተበላሽቷል» ነው። ሴንሰሩ እዚህ አይገኝም፣ ከአዲስ አበባ ይታዘዛል፣ ይጠበቃል፣ ይገጠማል፤ መብራቱ ግን አይጠፋም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሞተሩ ኮምፒውተር የሚያየው ከሴንሰሩ መስመር የሚደርሰው ቮልት ልክ አለመሆኑን ብቻ ነው። ጥፋቱ የሴንሰሩ ይሁን የሽቦው፣ የሶኬቱ ይሁን የደከመው ባትሪ ለይቶ አይነግራችሁም። መለየት የእናንተ ሥራ ነው፤ ቤት ውስጥም ይቻላል። የምጽፈው ስለ ኢንጀክሽን ሞተሮች፣ ማለትም ነዳጁ በኮምፒውተር ትእዛዝ ስለሚረጭላቸው ነው፤ ካርቡራተር ያላቸው አብዛኞቹ ይህ መብራት የላቸውም።

መጀመሪያ የበራው የትኛው እንደሆነ እወቁ። ቀይ የዘይት መብራት እየነዳችሁ ከበራ ወዲያው ቆማችሁ ሞተሩን አጥፉ፤ «ቤት እስክደርስ» አይባልም። የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) መብራት ቁልፍ ሲከፈት በርቶ የሚጠፋው መንዳት ስትጀምሩ ነው፤ ቆማችሁ ሳለ መብራቱ ብልሽት አይደለም። ሰንሰለት ለማጽዳት የኋላውን ጎማ ብቻ አንስታችሁ በሞተር ካሽከረከራችሁም ሊበራ ይችላል፤ የሁለቱ ጎማዎች ፍጥነት ስለማይገጥም ነው። ቼክ ኢንጂን ደግሞ ቁልፍ ሲከፈት መብራትና ከዚያ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራም ችግር አለ ማለት ነው።

ቀጥሎ ኮዱን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የብልሽት ቁጥር አንብቡ። ብዙዎቹ የሆንዳ ኢንጀክሽን ሞተሮች በመብራቱ ብልጭታ ይናገራሉ፤ ረጅሙ 10፣ አጭሩ 1 ነው። ሁለት ረጅምና አንድ አጭር 21፣ ማለትም የኦክስጅን ሴንሰር መስመር ነው። 7 የሞተር ሙቀት፣ 8 የጋዝ መክፈቻ፣ 9 የሚገባው አየር ሙቀት ነው። በዓይን መቁጠር ያሳስታል፤ በስልክ ቪዲዮ ቅረጹትና ደጋግማችሁ እዩ። ሌሎቹ ማንበቢያ መሣሪያና ለሞዴሉ የሚሆን ገመድ ይፈልጋሉ። ገንዘባችሁ ለአንድ ዕቃ ብቻ ከበቃ ግን ቴስተር (ቮልትና ኦም መለኪያ) ግዙ።

ባትሪውን ለኩ። ሞልቶ ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ሞተሩ ተነስቶ ጋዝ ሲሰጠው ከ13.5 እስከ 14.5 መሆን አለበት። ከዚህ ከወረደ ኮዱን እርሱትና ቻርጁን አስተካክሉ፤ ባትሪ ሲደክም ጤነኛ ሴንሰር ይከሰሳል።

አሁን ዋናው፣ ሶኬቱና ሽቦው። እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። ቁልፉን ዘግታችሁ ኮዱ የጠቆመውን ሴንሰር ሶኬት ንቀሉ፤ ሽቦውን ሳይሆን ላስቲኩን ያዙ፣ መቆለፊያውንም ተጫኑ። ክረምት ካለፈ በኋላ ወይም ሞተሩ በግፊት ውሃ ከታጠበ በኋላ ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ታገኛላችሁ። በኤሌክትሪክ ማጽጃ ስፕሬይ እጠቡት፤ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፣ ፒኑ ይሳሳል።

ሶኬቱ ንጹሕ ከሆነ መልሳችሁ ሰኩት፤ ሞተሩን አስነሱና መሪውን ቀስ እያላችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙሩ። የጎረቤቴ ሞተር አንድ ጋራዥ ውስጥ ሁለት ሴንሰር ተቀይሮለት መብራቱ አልጠፋም ነበር። መሪው ወደ ግራ ሲዞር ግን ሞተሩ ይንተፋተፋል። ታንኩን ስናነሳ፣ መሪው አንገት ሥር ሽቦው ከብረቱ ጋር እየተፋተገ ልባሱ ተልጦ መዳቡ ያብረቀርቅ ነበር።

ከዚያ ሞተሩን አጥፍታችሁ ሶኬቱን እንደገና ንቀሉ፤ እንደተነቀለ ቁልፍ ክፈቱና በሽቦው በኩል ለኩ። ሦስት ሽቦ ካለው አንዱ 5 ቮልት፣ አንዱ ማሳ (ኔጌቲቭ)፣ ሦስተኛው መልእክት ነው። 5 ቮልቱ ወይም ማሳው ከጠፋ ሴንሰሩ ንጹሕ ነው፤ ሽቦውን ተከታተሉ። አምፖል ባለው መሞከሪያ ግን እነዚህን ሽቦዎች አትንኩ፤ ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል።

መስመሩ ጤነኛ ከሆነ ብቻ ወደ ሴንሰሩ እለፉ። የጋዝ መክፈቻው ሴንሰር ተሰክቶ፣ ጋዙ ሲከፈት ቮልቱ ከ0.5 ገደማ ተነስቶ ሳይዘል እስከ 4.5 አካባቢ መውጣት አለበት። የሙቀቱን ሴንሰር ጫፉን ብቻ ውሃ ውስጥ አድርጋችሁ ኦሙን ለኩ፤ በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 3,000 ገደማ የነበረው ውሃው ሲሞቅ ያለማቋረጥ መውረድ አለበት። እዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። የፈላውን ውሃ 100 ብላችሁ ከመመሪያው ጋር ካመሳከራችሁት ደህናውን ሴንሰር ትጥሉታላችሁ። የአየር ግፊት ሴንሰርም እንዲሁ ነው፤ ሞተሩ ሳይነሳ 78 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ካነበባችሁ አትደንግጡ፣ 101 የባሕር ዳርቻ ቁጥር ነው።

ሲያልቅ ኮዱን አጥፉ፤ ሶኬት ተነቅሎ ቁልፍ ስለተከፈተ አዲስ ኮድም ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። ባትሪ መንቀል በብዙ ሞዴሎች ላይ ኮዱን አያጠፋም። ከዚያ ከፒያሳ አዘዞ ደርሳችሁ ተመለሱ፤ ሞተሩ በደንብ ይሞቃል፣ ሽቦውም ይንቀጠቀጣል። ያው ኮድ ከተመለሰ፣ መስመሩን ለክታችሁ ጤነኛ መሆኑን ስላረጋገጣችሁ አሁን ሴንሰሩን እዘዙ።