ከማንኪያና ከቆርኪ ቅርፃቅርፅ ስትሠሩ የሚያበላሿችሁ ስህተቶች

ሁሉንም በአንድ ቀለም መቀባት። ከዚህ የከፋ የለም። ሃያ ሰው ከየቤቱ አንዳንድ ማንኪያ አምጥቶ ሲደረደር «አይመሳሰሉም፣ ይቀቡ» የሚል አይጠፋም። ወርቃማ ስፕሬይ ይነፋባቸውና ሥራው ያን ጊዜ ይሞታል። እባካችሁ አትቀቡ! ማንኪያዎቹን አገላብጣችሁ እዩ። የአንዱ ጫፍ በአንድ ጎኑ ተበልቷል፤ ድስት ሲፍቅ የኖረ ነው። ሌላው ለድግስ ሲዋዋሱት እንዳይጠፋ እጀታው ላይ የጥፍር ቀለም ነጥብ ተደርጎበታል። የዕድር ከሆነ ደግሞ የዕድሩ ስም ተቀርጾበት ይሆናል። የግለሰቡም የማኅበሩም ማንነት ዕቃው ላይ ተጽፎ ሳለ ቀለም ይሸፍነዋል። ኢትዮጵያዊው ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ከአሮጌ የኤሌክትሮኒክስ ሽቦ ሰፋፊ ሥራዎቹን ሲጎነጉን የምናየው የሽቦውን የራሱን ቀለም ነው። አንድነቱን ከአደራደሩ አምጡት፤ እኩል ከፍታ፣ 10 ሳንቲሜትር ርቀት፣ ፊታቸው ወደ አንድ አቅጣጫ።

አንዱን ብቻ ቀይ አድርጎ መሃል ማስቀመጥም ይቅር። የቀሩትን ማንም አያያቸውም።

በሙጫ መተማመን። ሱፐር ግሉ ለስላሳ ብረት ላይ ቢይዝም ትንሽ ሲመታ ይላቀቃል። ብሱት። ማንኪያውን ሳንቃ ላይ በማሰሪያ አጥብቁ፤ በእጅ ከያዛችሁት መሰርሰሪያው ያሽከረክረውና እጅ ይቆርጣል። ከጫፉ 1 ሳንቲሜትር ገባ ብላችሁ በምስማር ምልክት ምቱ፤ ካልሆነ መብሻው ይንሸራተታል። ከዚያ በ3 ሚሊሜትር መብሻ፣ ጠብታ ዘይት ጨምራችሁ፣ ቀስ እያላችሁ ግን ጫን አድርጋችሁ ብሱ። የማይዝገው ብረት በፍጥነት ሲፈተግ ይግልና ይጠነክራል፤ መብሻውን ይበላል። የቀዳዳውን ስለት ሞርዱት።

በቀዳዳው ያሳለፋችሁትን ሽቦ እስኪጮህ ማጥበቅ። በ1 ሚሊሜትር ሽቦ ሦስት ዙር ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ጥምዙ ላይ ይበጠሳል። ትውልደ ጋናው ቀራፂ ኤል አናትሱይ የአሉሚኒየም የጠርሙስ ክዳኖችን በመዳብ ሽቦ ያያይዛል፤ ሥራዎቹ እንደ ጨርቅ የሚተጣጠፉት መጋጠሚያዎቹ ላላ ስለሚሉ ነው። የቢራና የለስላሳ ቆርኪ ግን ብረት ነው። በመዳብ አስራችሁ ደጅ ከሰቀላችሁት ዝናብ ሲነካው ከቀዳዳው ጀምሮ ይዝጋል። ቤት ውስጥ ችግር የለውም።

ቆርኪውን ሳያጥቡ መሥራት፦ የስኳሩ ቅሪት ጉንዳን ይጠራል።

ክብደቱን አለመመዘን። አንድ ቆርኪ 2 ግራም ገደማ ነው፤ 1,000 ሲሆን ሽቦውን ሳይጨምር 2 ኪሎ ይደርሳል። ማንኪያ ደግሞ እያንዳንዱ ስለሚለያይ አንድ ላይ መዝኑት። መስቀያው ላይ በመጀመሪያ ሦስት እጥፉን አሸዋ በከረጢት አንጠልጥላችሁ አሳድሩ።